ፎርኖ በሌለበት ቤት የሚሰናዳ የቸኮላትና የብስኩት ጣፋጭ

በዚህ ዓምድ ስለ ዳቦና ስለ ኬክ አጋገር በጻፍን ቍጥር «ፎርኖ የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄ ሳይደርሰን የቀረበት ጊዜ የለም። ጥያቄው ምን ያህል እውነተኛ እንደ ሆነ በደንብ የተረዳነው ግን በናይሮቢ ከተማ በሰነበትንበት ጊዜ ነው። ኢስሊ በሚባለው ሠፈር ከሚኖሩት የአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በአንዱ ማዕዘን አልጋውን፣ በሌላው ማዕዘን ድስቱንና ሳሕኑን አኑረው የሚያድሩ ናቸው። የማብሰያውም ዕቃ ወይ በከሰል የሚነድ ጂኮ ነው፤ ወይም በትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ላይ የተተከለ ባለ አንድ ዐይን ምድጃ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ስለ ቶርታ ማውራት ቀልድ ይመስላል።

ልጆች ግን ይህን አያውቁም። እዚያው ተወልደው በሚያድጉት ልጆች ዘንድ የልደት ቀን ታላቅ በዓል ነው፤ ባለ ልደቱ ልጅ ለክፍል ጓደኞቹ የሚቈረስ ነገር ይዞ ይሄዳል። አንዲት እናት እንዳጫወተችን፣ ልጅዋ ሰባት ዓመት በሞላት ቀን «ሆዴን አመመኝ» ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። እናቲቱም ከሥራ ቀርታ ጤና አዳም በሻይ እያፈላች ስታጠጣት ዋለች። ማታ ልጅቱ በገዛ አፏ ሕመሙ ውሸት መሆኑን ተናገረች፤ «ሁሉም ኬክ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልሂድ?» አለች። እናቲቱ ይህን ስትነግረን ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከኬክ ቤት ቢገዛ ዋጋው ከሳምንት አስቤዛ ጋር የሚወዳደር ነውና፣ ስምንተኛው ዓመት ከመድረሱ በፊት አንድ መላ ለማግኘት ቆርጣ ተነሣች።

መላውንም ያገኘችው ከማታስበው ስፍራ ነው። በፓርክላንድስ ሠፈር ልብስ የምትተኵስላቸው አንዲት የጎዋ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ነበሩ፤ እኒያ እመቤት ፎርኖ ሳይነኩ፣ በአንዲት ድስትና በአንድ ማንኪያ ብቻ የሚሠሩትን ጣፋጭ አሳዩአት። እርሷም ለእኛ አሳየችን፤ እኛም ከእርሷ ጋር ሦስት ጊዜ ሠርተን ካየነው በኋላ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ደፈርን።

ጣፋጩ የፖርቱጋል አገር ነው። ፖርቱጋሎች «ሳላሜ ደ ሾኮላቴ» ይሉታል፤ ኢጣሊያኖችም የዚሁ ዓይነት አላቸው። የጎዋ ሰዎች ከፖርቱጋል ጋር ምን እንዳገናኛቸው ለሚጠይቅ፣ ጎዋ በሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ አገር ስትሆን እስከ 1961 ድረስ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በፖርቱጋል እጅ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሠፈር ሆና ስትቈረቈርና ከዚያም ስታድግ፣ ብዙ የጎዋ ሰዎች ጸሓፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ ወጥ ሠሪና ሐኪም ሆነው መጥተው ተቀመጡባት። ከእነርሱ አንዱ ዶክተር ሪቤሮ በሜዳ አህያ ላይ ተቀምጠው ሕመምተኞቻቸውን ይጐበኙ እንደ ነበር በከተማው ታሪክ የታወቀ ነው፤ በስማቸው የተጠራ ትምህርት ቤትም በናይሮቢ አለ።

ለእኛም ቢሆን ፖርቱጋሎች ባዕድ አይደሉም። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 በሞምባሳና በማሊንዲ በኩል አልፎ ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ ልጁ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ደግሞ በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ በማግሥቱም ዓመት በጦርነቱ ተማርኮ ሞተ። በሞምባሳ ከ1593 ጀምሮ የሠሩት የኢየሱስ ምሽግ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የምሽጉ ነገር ለታሪክ ጸሓፊዎች ይቈየንና ወደ ድስታችን እንመለስ።

በመጀመሪያ የስሙን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በዚያች ቤት ትልቅ ጭቅጭቅ ያስነሣው እርሱ ነበርና። የልጅቱ አያት ከአገር ቤት መጥተው እዚያው ተቀምጠው ነበር። እናትና ልጅ «ሳላሜ እንሠራለን» ሲባባሉ ሰምተው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ምን አላችሁ? ያ የፈረንጅ የዐሣማ ሥጋ? በዚህ ቤት እኔ ቆሜ?» አሉ።

«እማማ፣ ሥጋ የለበትም እኮ! ብስኩትና ቸኮላት ነው» አለች ልጅቱ።

«ታዲያ ሥጋ ከሌለበት የሥጋ ስም ምን ያደርግለታል?» አሉ አያትየው፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቸኮላቱ ከተሰባበረ ብስኩት ጋር ተለውሶ እንደ ቋሊማ ይጠቀለላል፤ ቀዝቅዞ ከጠነከረ በኋላ ሲቈረጥ፣ ጥቍሩ ቸኮላት እንደ ሥጋው፣ ነጫጩ የብስኩት ስብርባሪ እንደ ጮማው ሆኖ ይታያል። ስሙ ከመልኩ ነው እንጂ ከውስጡ አይደለም። አያትየው ግን እስከ መጨረሻው «የቸኮላት ቋሊማ» ከማለት በቀር ሌላ ስም አልጠሩትም፤ እኛም ከዚህ ወዲያ በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብስኩት ማሪ የሚባለው ክብና ስስ ብስኩት ነው፤ በናይሮቢም በአዲስ አበባም በየሱቁ ሞልቷል። ይህ ብስኩት መጀመሪያ የተጋገረው በ1874 በለንደን ሲሆን፣ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ልጅ ልዕልት ማሪያ የንግሥት ቪክቶሪያን ልጅ ልዑል አልፍሬድን ባገባች ጊዜ ለሠርጉ መታሰቢያ ነበር። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስም በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ይማሩ ነበርና፣ ምናልባት ከሻያቸው ጋር ሳይቀምሱት አልቀሩም ብለን እናስባለን። ፖርቱጋሎች ብስኩቱን እጅግ ስለ ወደዱት ከቸኮላት ቋሊማው ሌላ፣ በቡና ውስጥ እየነከሩና በቅቤ ክሬም እየደራረቡ የሚሠሩት ሌላ ኬክም አላቸው። እርሱን በሌላ ቀን እንመለስበታለን።

አሁን መጠኑን እንንገር። ለአንድ ጥቅል የሚበቃው ይህ ነው፦ 200 ግራም ማሪ ብስኩት፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም ስኳር ያልገባበት የካካዎ ዱቄት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ወተት። በወተቱ ፈንታ ሁለቱን ማንኪያ ወፍራም የጀበና ቡና ማድረግ ይቻላል፤ እኛ ይህን እንመርጣለን፤ ቡናው የካካዎውን ጣዕም ያጐላዋልና። ብዙ ፖርቱጋሎች የካካዎ ዱቄት በመጠቀም ፈንታ ጥቍር ቸኮላት ያቀልጣሉ። ነገር ግን በ2024 የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጥቶ ቸኮላትን ሁሉ እንዳስወደደው ማንም የቤት እመቤት ታስታውሳለች፤ የዱቄቱ ቆርቆሮ ግን ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። የአገር ቤት የተነጠረ ቅቤ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ጣፋጩን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ይህን የምንለው ሞክረን ስላየነው ነው፤ ያን ጥቅል የበላው የቤቱ ጌታ ብቻ ነው፤ እርሱም ከትሕትና የተነሣ ነው።

አሠራሩ ከብስኩቱ ይጀምራል። ብስኩቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በመዳመጫ ወይም በጠርሙስ ቀስ እያሉ መምታት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አድቅቆ ዱቄት ያደርገዋል። ዱቄት ከሆነ ሲቈረጥ ነጭ ነጩ አይታይም፤ ጣፋጩም እንደ ጭቃ አንድ ወጥ ይሆናል። ስለዚህ ገሚሱ የባቄላ ፍሬ እንዲያህል፣ ገሚሱ የሽንብራ ክክ እንዲያህል አድርጎ መተው ይገባል። ልጅቱ ይህን ሥራ ለራስዋ ጠየቀች፤ ተሰጣትም። ከሁሉ የበለጠ የወደደችው ይህን ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ ካካዎውንና ስኳሩን በደረቁ በድስት ውስጥ አደባልቆ፣ ወተቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ እብጠት እንዳይኖረው ማሸት። ድስቱን በለዘበ እሳት ላይ አውጥቶ፣ ስኳሩ እስኪሟሟና ድብልቁ እንደ ጠጅ ቤት ማር እስኪያብረቀርቅ ድረስ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። ይህም ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በጂኮ የሚሠራ ሰው ፍሙ አመድ እስኪለብስ ይጠብቅ፤ ካካዎ በኀይለኛ እሳት ቶሎ ያርራል፤ ያረረውንም ስኳር አይሸፍነውም። ከእሳት ካወረዱት በኋላ ቅቤውን ቈራርጦ መጨመርና በገዛ ሙቀቱ እስኪቀልጥ ማማሰል። ጣት ሲነከርበት ለብ ያለ ብቻ እስኪሆን ድረስ ይቈይ። ትኵስ እንዳለ ብስኩቱን የጨመሩበት እንደ ሆነ ብስኩቱ ይልማል፤ ሲነከስ የሚሰማው ቅርምታ ይጠፋል። ለብ ሲል ብስኩቱን ጨምሮ፣ ቍርጥራጩ ሁሉ ጥቍር እስኪለብስ ከታች ወደ ላይ እያገላበጡ ማዋሐድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንቍላል ጠንከር አድርገን ልንናገር እንወዳለን። በፖርቱጋል የቆየው የአሠራር ሥርዐት ለአንድ ጥቅል አንድ ወይም ሁለት ጥሬ እንቍላል ያስገባል፤ እኒያ የጎዋ እመቤትም ያስተማሩት እንዲሁ ነበር። ጣፋጩ ወደ እሳት የማይመለስ በመሆኑ እንቍላሉ እስከ መጨረሻው ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ጥሬ እንቍላል ደግሞ ሳልሞኔላ የሚባለውን የሆድ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል፤ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ የሚመስለው እንቍላል እንኳ ከዚህ ነጻ ነው ተብሎ አይታመንም። በሽታው ተቅማጥ፣ ትኵሳትና የሆድ ቍርጠት ያስከትላል፤ በሕፃናት፣ በነፍሰ ጡሮችና በሽማግሎች ላይ ይበረታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ተሕዋሱን አይገድለውም፤ እንዳይራባ ያዘገየዋል እንጂ። ስኳሩም፣ ቡናውም፣ የሚጨመር መጠጥ ቢኖር መጠጡም አይገድለውም። አንዳንድ እመቤቶች «እኛ ስንት ዘመን በልተነው ምን ሆንን?» ይላሉ። እኛ ግን የምናስበው ስለ አንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ጣፋጩ በአንዲት ልጅ እጅ ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ ለሠላሳ ስምንት የሰው ልጆች የሚታደል ነው። ያች ልጅ ባለፈው ዓመት በሐሰት «ሆዴን» ብላ የቀረች ናት፤ ዘንድሮ የክፍል ጓደኞችዋ በእውነት «ሆዴን» ቢሉባት ምን ይባላል?

ስለዚህ ከዚህ በላይ በሰጠነው መጠን እንቍላሉን አስቀርተን ወተት አስገብተናል። ሦስት ጊዜ ስንሠራው በደንብ ያዘ፤ በጣዕሙም ጉድለት አላገኘንበትም። የግድ እንቍላል ይግባበት የሚል ሰው ቢኖር፣ አንዱን እንቍላል ከስኳሩ ጋር በጎድጓዳ ሳሕን መትቶ፣ ሳሕኑን ውኃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ፣ ውኃው ሳይነካው ማስቀመጥና ያለ ዕረፍት እያማሰለ ማሞቅ አለበት። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ይይ፤ ይህ ሲሆን ወተቱ ይቀራል። መለኪያ የሌለው ሰው ግን እንቍላሉን ይተወው የሚለው የእኛ ምክር ነው።

ፖርቱጋሎች በዚህ ላይ ፖርቶ ከሚባለው ጣፋጭ ወይናቸው አንድ ሁለት ማንኪያ ይጨምራሉ። ኢስሊ ግን የአብዛኛው ነዋሪ ሃይማኖት እስልምና የሆነበት ሠፈር ነው፤ የልጅቱም የቅርብ ጓደኛ የሶማሌ ጎረቤት ልጅ ናት። ስለዚህ መጠጥ የሚባል አልገባም፤ ይህንንም እናቲቱ አስቀድማ ለጎረቤቷ ነገረቻት፤ ስሙንም አስረዳቻት። ጎረቤትየዋም ስቃ «ስሙን ቀይሩት እንጂ እንበላዋለን» አለች። እንዲሁም ብዙዎች የተቈላ ለውዝ ይጨምሩበታል፤ በቤት ለሚበላው መልካም ነው። ለትምህርት ቤት ግን አይጨመር፤ ለውዝ የሚያስነሣባቸው፣ አልፎ አልፎም እስከ ሞት የሚያደርሳቸው ልጆች አሉና።

የሊጡን ጥቅል ወደ ማሰናዳቱ እንለፍ። ድብልቁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠንከር ሲል በብራና መሰል የመጋገሪያ ወረቀት ላይ አፍስሶ፣ ወረቀቱን እያጠፉ በእጅ መዳፍ ማንከባለል ነው፤ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ያህል፣ ውፍረቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች እንደ ከረሜላ ወረቀት ጠምዝዞ ማጥበቅ። በኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት በሕግ ስለ ተከለከለ ሰው በከረጢት መጠቅለልን ትቷል፤ ለዚህ ሥራም ቢሆን ወረቀቱ ይሻላል፤ ላብ አያወጣምና።

የማቀዝቀዣ ነገር ብዙዎችን ያሳስባል። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት አራት ሰዓት ይበቃል፤ አድሮ ቢወጣ ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በዚያ ወራት ጥቅሉን በተከደነ ድስት አድርጎ በመስኮት አጠገብ ማሳደር ይቻላል፤ በጥር ሙቀት ግን አይሞከርም። በዚያች ቤት ማቀዝቀዣ አልነበረም። ከታች ሱቅ ያላቸው ሰው ለስላሳ መጠጥ የሚያቀዘቅዙበትን ሣጥን ፈቀዱላቸው፤ ጥቅሎቹም ከጠርሙሶች መካከል ተኝተው አደሩ። ሌሊቱን መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ እናቲቱም እንቅልፍ አልተኛችም። እንቍላል ያልገባበት በመሆኑ ግን ቢለሰልስም እንደገና ይጠነክር ነበር እንጂ የሚያሰጋ አልነበረም።

ስለ ጾምም ጠይቀውናል። ቅቤና ወተት የገባበት ጣፋጭ በጾም እንደማይበላ የታወቀ ነው። ልደትዋ በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ የሚውልባት ልጅ ስላለች፣ ለእርስዋ የሚሆነውን እንንገር። በቅቤው ፈንታ 80 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ በወተቱም ፈንታ አራት ማንኪያ ቡና ማግባት ነው። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ይረጋል፤ ስለዚህ ጥቅሉን ደኅና አድርጎ ይይዛል። ኮኮናቱም ከሞምባሳ ዳርቻ ስለሚመጣ በናይሮቢ በቀላሉ ይገኛል። ማርጋሪን ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ግን የቆርቆሮውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ወተት የሚገባበት አለ። ከማሪ ብስኩትም ውስጥ አንዳንዱ የወተት ዱቄት አለበት፤ ይህንንም ከፓኮው ላይ አንብቦ መምረጥ ያሻል። አያትየው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ቅቤው ቢወጣስ፣ እንዲህ እያጣፈጡ ጾም አለ እንዴ?» አሉ። በዚህ ነገር እኛ ለመፍረድ አንበቃም፤ እርሱን የነፍስ አባት ይወቁት። ስምንት ዓመት ላልሞላት ልጅ ግን እኛ በበኩላችን አንጨክንም።

በማግሥቱ ጥዋት ወረቀቱ ሲፈታ ጥቅሎቹ እንደ ድንጋይ ጠንክረው ነበር። ስኳር በሙቀጫ ደቆ በላዩ ተነሰነሰ፤ በዚህ ጊዜ ቋሊማውን ሻጋታ ለብሶ ከተሰቀለበት የወረደ አስመሰለው። ቢላዋው በሙቅ ውኃ ተነክሮ በጨርቅ እየተጠረገ ሲቈረጥ ቍራጩ አይሰባበርም፤ የእያንዳንዱ ውፍረት አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንዱ ጥቅል ሃያ ሁለት ቍራጭ ወጣ፤ ከሁለቱ አርባ አራት። ለክፍሉ ሠላሳ ስምንት ተቈጥሮ ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በወረቀት ተደራርቦ ገባ፤ ለመምህርቷ አንድ ተጨመረ፤ ለጎዋዋ እመቤት ሁለት፤ ለባለ ሱቁ አንድ፤ ለአያትየው አንድ።

አንዱ ቍራጭ ተረፈ። እናትና ልጅ በሩ ላይ ቆመው ለሁለት ተካፈሉት፤ ልጅቱም ቆርቆሮውን በሁለት እጅዋ አቅፋ ደረጃውን ወረደች። አያትየው ከላይ ሆነው «ቀስ በይ፣ እንዳይወድቅብሽ!» እያሉ ነበር፤ አፋቸው ግን ገና አልባዶም።